ማስተካከያ፦ ማይኔትወርክስን እንደዛ አትክፈቱት

ባለፈው ስለ ፖስትፊክስ (ሜይል የሚልክና የሚቀበል የሰርቨር ፕሮግራም ነው) ስጽፍ፣ ከስልክ ሜይል ስትልኩ «ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ» (ሜይላችሁን አላሳልፍም እንደማለት ነው) የሚል ስህተት ከመጣባችሁ ማይኔትወርክስ (ሰርቨሩ ያለ ይለፍ ቃል የሚያሳልፋቸው አድራሻዎች ዝርዝር) ላይ 0.0.0.0/0 (የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻ ሁሉ ማለት ነው) ጨምሩና ትገላገላላችሁ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ያውም ክፉኛ። ስህተቱ በርግጥ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ግን ሰርቨሩ ከየትም የመጣን ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል ማሳለፍ ስለጀመረ ነው። ኦፕን ሪሌይ የሚሉት ይሄን ነው፤ ስፓም ላኪዎች ደግሞ ፖርት 25ን (ሰርቨሮች ሜይል የሚለዋወጡበትን በር) ሌት ተቀን ስለሚያስሱ ሳይቆዩ ያገኟችኋል፣ ከዛ አይፒያችሁ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ መውጣቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ትክክለኛው ይሄ ነው፦ ሁሉም ነገር አንድ ማሽን ላይ ከሆነ ማይኔትወርክስ ላይ 127.0.0.0/8 (ማሽኑ ራሱ ማለት ነው) ይበቃል፣ አይፒ ቨርዥን 6 የምትጠቀሙ ከሆነ [::1]/128 ጨምሩ። ስልኩና ላፕቶፑ በፖርት 587 (ተጠቃሚዎች ሜይል የሚልኩበት በር) ይግቡ፣ ስምና ይለፍ ቃል ይስጡ፣ ማረጋገጡን ዶቭኮት (የሜይል ሳጥኖቹን የሚይዘው ፕሮግራም) ይሥራው። ስህተቱ ያኔም ካልጠፋ ሎጉን (ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ክፈቱ፤ «ሳስል ዩዘርኔም» (sasl_username) የሚል ነገር ከሌለ ስልኩ በይለፍ ቃል አልገባም ማለት ነው። እኔም ያኔ ይቺን ባይ ኖሮ ያን ምክር አልሰጥም ነበር።

የኔን ምክር ሰምታችሁ የከፈታችሁ ካላችሁ መጀመሪያ መልሳችሁ ዝጉት፣ ፖስትፊክስን ሪሎድ አድርጉ፣ ቀጥሎ ሜይልኪው (mailq) ብላችሁ ለመላክ የሚጠብቁትን ሜይሎች ወረፋ እዩ። የማታውቋቸው አድራሻዎች ከተደረደሩ ስፓም ላኪዎቹ ደርሰውባችኋል።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ፖርት 465 (ከመጀመሪያው በተመሰጠረ መስመር ሜይል የሚላክበት በር) ሞቷል ብዬ ነበር፣ አልሞተም። አርኤፍሲ 8314 የሚባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ በ2018 እ.ኤ.አ. መልሶታል።