ክርክር፦ የሐዋሳ በያይነቱ ዱባይ ይግባ?

ባንኮኒው ጋ ቆመህ መርጠህ፣ ከፍለህ፣ ወዲያው ትሪህን ይዘህ የምትቀመጥበት ምግብ ቤት ነው። ሐዋሳ ላይ ሥራው ደርቷል። ቀጣዩ ቅርንጫፍ ዱባይ ይሁን? ባለቤቷና ሂሳብ የሚሠሩላት አዛውንት አልተስማሙም። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ይግባ ባይዋ፦ በያይነቱ እኮ ለዚህ ንግድ የተፈጠረ ምግብ ነው። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ ከጠዋት ደርሶ ይጠብቃል። ደንበኛ ሲመጣ የሚቀረው መጨለፍ ብቻ ነው። በ1993 ዴንቨር ላይ የተከፈተው ቺፖትሌ የሚባል ምግብ ቤት አሜሪካን ያዳረሰው በዚሁ አሠራር ነው። ሩዝ፣ ባቄላና ሥጋ ተደርድሮ አንተ ትጠቁማለህ፣ ልጁ ይጨልፋል። ዱባይ ሐበሻ ሞልቷል። የሕንድ ምግብ የለመደውም ቅመም አይፈራም። ዓሣውን ግን ትቼዋለሁ። አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ትኩሱን በዳጣ የበላ ሰው ሌላ ቦታ አይታለልም።

ይቆይ ባዩ፦ አንቺ ልጅ፣ ወጡን ነገርሽን። እንጀራውስ? ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ሐዋሳ ትንሽ ሲሞቅ እንኳ እንዴት እንደሚኮመጥጥ ታውቂያለሽ። የዱባይ በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። የጤፍ እህል እንዳይወጣ መንግሥት በ2006 ከልክሏል፤ ተጋግሮ ግን ይወጣል። እንግዲህ ወይ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ታስጭኛለሽ፣ ወይ እዚያ ባገኘሽው ዱቄት ታስጋግሪያለሽ። የመጀመሪያው በኪሎ ይከፈልበታል። በሁለተኛው የእንጀራው ዓይን ጠፋ ማለት ደንበኛሽም ጠፋ ማለት ነው።

የአሜሪካው የካፌ ድርጅት ስታርባክስ በ2000 አውስትራሊያ ገባ። ጥሩ ቡና የሚያፈላ የሰፈር ካፌ በሞላበት አገር ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ደረበ። በ2008 ከ80 በላይ ከነበሩት 61ዱን ዘጋ። ያ ሁሉ ብር ያለው ድርጅት!

ይግባ ባይዋ፦ ጋሼ፣ ስታርባክስን የጎዳው መጣደፉ ነው እንጂ መውጣቱ አይደለም። ደግሞስ በራሳችን ኪስ እንውጣ ያለ ማነው? ቺፖትሌ ኩዌትና ዱባይ የገባው ከአልሻያ ጋር ተዋውሎ ነው። ኪራዩንም ፈቃዱንም የሚያውቅ የኩዌት ድርጅት ነው። በ2018 አዲስ አበባ የተከፈተው ፒዛ ሃትስ? ስሙ የአሜሪካ፣ ሥራው የኢትዮጵያ ድርጅት ነው። እኛም ስማችንን እዚያ ላለ ነጋዴ እናከራይ። እንጀራው ላይ ያሉት ልክ ነው፤ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ግን ሩዝ በአማራጭ ብናቀርብስ? ማክዶናልድ ሕንድ የገባው የበሬ ሥጋ ትቶ ነው።

ይቆይ ባዩ፦ ሩዝ! እንዲያማ ከሆነ ይቅርብን።

ስም ማከራየቱን ላንሳ። አልሻያ ቺፖትሌን ሲወስድ የገዛው በጽሑፍ የሰፈረ አሠራር ነው። ያንቺ አሠራር የት ተጽፏል? ወጥ ሠሪሽን "ለምስሩ ስንት በርበሬ ይገባል?" ብዬ ብጠይቃት መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። መዳፍ አይከራይም፣ ልጄ። መጀመሪያ አዳማ ክፈቺ። እሷ ሳትሄድ፣ በተጻፈው ብቻ ይሠራ። እዚህ የሚያዘወትር ሰው አዳማ በልቶ ልዩነቱን ካላወቀ፣ የዱባዩን ሂሳብ እኔው ቁጭ ብዬ እሠራልሻለሁ።

ይግባ ባይዋ፦ አዳማ ይሁን። ሚዛኑን ነገ እገዛለሁ። በሚዛን እንድትሠራ ግን እርስዎ ያሳምኗት፤ እኔ አልደፍራትም።