አይፎኑ ሲሰበር ፍኖተ ሰላም ላይ ማን ይፈታዋል?

ሰሞኑን አንድ የኤፍኤም ፕሮግራም ላይ የቀረበ «የቴክኖሎጂ አማካሪ» የተናገረው ነገር ቲክቶክ ላይ እየዞረ ነው። አብዛኞቻችሁ ሰምታችሁታል። ላልሰማ ባጭሩ፦ ጎጃም ውስጥ ሰው ሁሉ ለምን ቴክኖ እንደሚይዝ ሲጠየቅ፣ የተሻለ ስላላየ ነው አለ። ፋራነት ነው አለ። በዚህም አላበቃም። ተበድራችሁም ቢሆን አይፎን ግዙ፣ አይፎን ወጪ ሳይሆን ኢንቨስትመንት ነው ብሎ መከረን። አቅራቢዎቹም አብረው ሳቁ።

እኔን አላሳቀኝም። እስቲ ከኢንቨስትመንቱ ልጀምር፤ ከተናገረው ሁሉ እሱ ይብሳል።

ኢንቨስትመንት ማለት የሚወልድ ገንዘብ ነው። አይፎን ምን ይወልዳል? አፕል አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ሞዴል ያወጣል፤ ያንተ ስልክ በዚያው ሰሞን ይረክሳል። ልጁ ያሳሳተው ነገር ምን እንደሆነ ግን እገምታለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያኔ አይፎን የነበረው ሰው ከገዛበት በላይ ሸጠ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ስልኩ አልወለደም፣ ብሩ ነው የወደቀው። ቴክኖም ጨመረ። ዘይትም ጨመረ። ዘይት ኢንቨስትመንት ነው ሊለን ነው?

«ተበድራችሁም» ያለው ደግሞ ለማን እንደሆነ አልገባኝም። አይፎን 16 ሲወጣ አሜሪካ ላይ መነሻ ዋጋው 799 ዶላር ነበር። ዶላሩን በ100 ብር ብቻ እንኳ ብናሰላው 80,000 ብር ገደማ ይመጣል። ቀረጡ፣ ማጓጓዣው፣ የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። እዚህ ሰው የሚበደረው ለማዳበሪያ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል የሚያውቅ ገበሬ ለስልክ ተበደር ቢሉት ማን ፋራ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጎጃሜ ስልክ ሲገዛ የሚጠይቀውን ጥያቄ ይህ ልጅ ጠይቆት አያውቅም። ጥያቄው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» አይደለም። «ሲሰበር ማን ይሠራዋል?» ነው።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አካባቢ ካሉት የሞባይል ጥገና ቤቶች አንዱ ውስጥ ትንሽ ተቀመጡ። መስታወት ያለው ባንኮኒ፣ ካውያ፣ ወረንጦ፣ በፕላስተር የታሰረ የእጅ ባትሪ። ከጀርባው መሳቢያዎች ናቸው። መሳቢያዎቹ ላይ በማርከር ተጽፏል፤ ስፓርክ፣ ፖፕ፣ አይቴል፣ ኢንፊኒክስ። ስክሪን አለ፣ የቻርጅ ቀዳዳ አለ፣ ባትሪ አለ። ከታች አንድ ካርቶን ሙሉ የሞቱ ስልኮች ተከምረዋል፤ እነሱም መለዋወጫ ናቸው። ከጅጋ የመጡ አንድ አባት በሬ የረገጠው ቴክኖ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘው ገቡ። ጠጋኙ አገላብጦ አየውና «አባባ፣ አንቱ ገበያዎን ጨርሰው ይምጡ» አላቸው። ሲመለሱ ስክሪኑ ተቀይሮ ጠበቃቸው። በዋጋው ትንሽ ተከራከሩ፣ ትንሽ አስቀነሱ፣ ከፍለው ሄዱ።

እዚያው ቤት አንድ ጎረምሳ አይፎን ይዞ ይገባል። ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ጠጋኙ ተቀብሎ አገላብጦ ሳይፈታ ይመልስለታል። «ይሄን አዲስ አበባ ውሰደው።» ባሕር ዳር የሚሞክር አይጠፋም፣ እሱንም አውቃለሁ። ግን ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ማለት ነው። መንገዱ ሰላም ካልሆነስ? እናንተው ታውቁታላችሁ።

ይህ የጠጋኙ ስንፍና አይደለም። ስልኩ የተሠራው ማንም እንዳይነካው ተብሎ ነው። ከአይፎን 11 ጀምሮ ስክሪኑን ውጭ ብታስቀይር ስልኩ «የማላውቀው ዕቃ ነው» የሚል መልእክት ያወጣብሃል፤ ለዓመታት ከሌላ አይፎን ላይ የተፈታ እውነተኛ የአፕል ስክሪን ብታስገባለት እንኳ እንዲሁ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አይፎን 13 ሲወጣ ይባስ ብሎ ስክሪኑ ውጭ ከተቀየረ ፊት ለይቶ የሚከፍተው ፌስ አይዲ መሥራት ያቆም ነበር። የዓለም ጠጋኞች ሲጮኹ ነው ኩባንያው በሶፍትዌር አስተካክላለሁ ያለው። የኩባንያው የራሱ ሱቅ ደግሞ በመላው አፍሪካ አንድም የለም። እንግዲህ ተመልከቱ። ራሱ አይመጣም፣ ሌላ ሰው እንዲሠራውም አይወድም። እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ 80,000 ብር ተበድሮ የሚገዛ ነው አራዳ የሚባለው?

ሁለተኛ እጅ ይሻላል ይሉኛል። ከዱባይ በሻንጣ የሚመጣውን ማለት ነው። እሱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ሳያወጣ የሸጠው ከሆነ፣ ስልኩን ሪሴት ባደረግህ ማግስት የማታውቀው ሰው ፓስወርድ ይጠይቅሃል። ይህ የአይክላውድ ቁልፍ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ለሌባ ተብሎ የተሠራ። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ሌባው የለም፤ የተዘጋበት በላቡ የገዛው መምህር ነው። ሻጩን ቢፈልገው ቁጥሩ አይሠራም።

አይሱዙን አስቡት። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ቅጥቅጡም፣ የጭነቱም አይሱዙ ነው። ሹፌሩ መርሴዲስ እንዳለ ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ደንበጫ ላይ ሌሊት ቢቆምበት ዕቃው ስለሚገኝ፣ የሚፈታው ልጅም ስላለ ነው። ያንን ሹፌር ፋራ የሚል ሬዲዮ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ስልክ ሲሆን ግን ሁሉም ጉራ ይጀምራል።

ቴክኖም በአጋጣሚ አይደለም እዚህ የደረሰው። እናት ኩባንያው ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተ የሸንዘን ድርጅት ነው። አይቴልም ኢንፊኒክስም የእሱ ናቸው። በቻይና ገበያ ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ቦታ የለውም፤ ከመጀመሪያውም ዓይኑን የጣለው አፍሪካ ላይ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም ጀመረ። ቁልፍ ባላቸው ስልኮች ዘመን የአማርኛ ፊደል ያለበት ስልክ ይዞ መጣ። የጠቆረ ፊት በጨለማ እንዲታይ ብሎ ካሜራውን አስተካከለ። ሁለት ሲም፣ ትልቅ ባትሪ፣ የሚሞሪ ቦታ። የጠየቅነውን ሰጠን፣ ገዛነው። ይህ ፋራነት ከሆነ ገበያ የሚባለው ነገር በሙሉ ፋራነት ነው።

ስለ ሲም ካነሳሁ አይቀር። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መስከረም በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዜሮ ዘጠኙም ዜሮ ሰባቱም አንድ ስልክ ላይ እንዲሆን ሰው ይፈልጋል። ፓኬጅ እያየ ይቀያይራል። አንድ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ አይፎን 14 ተልኮለት ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ አየለት። ስልኩ ግን የሲም ቀዳዳ የለውም። አሜሪካ የሚሸጠው ከ14 ጀምሮ እንዲያ ነው፣ በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ያለበት ከተማ ሲም የምትሸጠው ልጅ ስልኩን ዙሪያውን አይታ «ሲሙን የት ነው የማስገባልህ?» አለችው። ትልቅ ከተማ ሂድ ተባለ። እስኪሄድ ድረስ አይፎኑን በኪሱ ይዞ የሚደውለው በድሮው አይቴል ነበር። ፎቶ ግን ያነሳል፣ ልክደው አልችልም።

የሚሞሪውም ነገር እንዲሁ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ስልክ ምን ያደርግ ነበር? ሰው ገበያ ሲወጣ ዘፈንና መዝሙር ሚሞሪ ላይ አስጭኖ ይመለሳል። ፊልም በዜንደር ከስልክ ስልክ ይላላካል። የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ኤፍኤም ይሰማል፤ ገመዱ አንቴናው ነው። አይፎን ሚሞሪ አይቀበልም፣ ኤፍኤም የለውም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውንም ከአይፎን 7 ጀምሮ ደፍነውታል። ሁሉም ነገር ደመና ላይ ነው ይሉሃል። ዳታ በሌለበት ደመናው ምን ያደርግልሃል?

ባትሪውን አላረዝመውም። የቴክኖ ስፓርክ 10 ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው። ጎጃም ውስጥ እንደ ብርቅ እየተሸጠ ያለው አይፎን 11 ደግሞ 3110። የአይፎን ቺፕ ቆጣቢ ነው፣ ቁጥሩን አትይ የሚሉ አሉ። አዲስ ሲሆን እሺ። ከዱባይ የሚመጣው ግን ባትሪ ሄልዙ፣ የባትሪው የቀረ አቅም ማለት ነው፣ ወርዶ ወርዶ ነው የሚመጣው፤ መብራት በጠፋ ማታ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ባትሪው ሲደክም ስልኩን ሆን ብሎ እንደሚያዘገየውም አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 አምኗል። በ2020 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ለአሜሪካ ደንበኞቹ። እኛ ዘንድ ያዘገመው ዝም ብሎ አዘገመ።

ሳምሰንግስ የሚል ይኖራል። ኤ የሚባሉት ሞዴሎች ላይ ጠብ የለኝም፤ መለዋወጫም እየተገኘላቸው ነው። ውዶቹ ግን አፕል የሠራውን እያዩ ይቀዳሉ። አይፎን 12 ቻርጀሩን ከካርቶኑ አወጣ፣ ጋላክሲ ኤስ 21 ተከተለው፣ የሚሞሪ ቦታውንም ጨምሮ ነቀለው።

አሁን ደግሞ ወቀሳ መቀበል አይችልም እንዳትሉኝ። ቴክኖ ንጹሕ ነው አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2020 ቴክኖ ደብልዩ 2 የሚባለው ርካሽ ስልክ ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ለክፍያ አገልግሎት የሚመዘግብ ቫይረስ ከነካርቶኑ ተገኝቷል፤ ከተገኘባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ኩባንያው አቅርቦቱ መሃል ላይ የገባ ሌላ ወገን ነው አለ። አሳፋሪ ነው። ማስታወቂያውም ያሰለቻል፣ አፕዴቱም ቶሎ ይቆማል። ቪዲዮ ላይ ደግሞ አይፎን ይበልጣል፤ ይብለጥ። ሰርግ የሚቀርጽ ሰው ይግዛው። አማካሪው ግን እነዚህን አንዱንም አላነሳም። አንስቶ ቢሆን ቢያንስ ስልክ ያውቃል እንለው ነበር። እሱ ያነሳው ሰውን ነው። ሰው አያውቅም ነው ያለው።

ለማን እየተናገረ እንደሆነ ግን ልብ ያለው አይመስለኝም። የሚሰማው አባወራ አይደለም፣ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ጓደኞቹ ቴክኖ ይዟል ብለው ሙድ እንዳይዙበት እናቱን ያስጨንቃል። እናትየው እንቁላልና ቅቤ ሸጣ ያጠራቀመችው አለ። ሬዲዮ ላይ ተቀምጦ «ኢንቨስትመንት» ያለው ሰው ያንን ገንዘብ ነው እጁን ሰዶ ያወጣው። በዚህ ላይ አቅራቢዎቹ መሳቃቸው ይገርመኛል።

ፕሮግራሙ መልስ ከፈለገ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የሞባይል ጠጋኝ ይጋብዝ። ከቡሬም፣ ከሞጣም፣ ከቢቸናም ይምጣ፤ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። ከዚያ በፊት አማካሪው ራሱ የተሰነጠቀ አይፎኑን ይዞ ዓባይን ይሻገርና ከደጀን እስከ ዳንግላ ባለው አስፋልት ዳር ያሉትን ጥገና ቤቶች በየተራ ያንኳኳ። በገባበት ቀን አሠርቶ ከወጣ፣ የሚቀጥለውን ጽሑፌን በይቅርታ እጀምራለሁ። ካልሆነለት ደግሞ ለመመለሻው የሚደውልበት ስልክ እዚህ አይጠፋም፤ ቴክኖ ያበድሩታል።