አያቶቻችን ላስት ኔም ሲሆኑ

ከኖቲንግሃም ከተማ ወጣ ብሎ፣ ትሬንት ወንዝ ዳር፣ አተንቦሮ የምትባል የእንግሊዝ መንደር አለች። ከኖቲንግሃም ወደ ደርቢ የሚሄደው ባቡር በአጠገቧ ያልፋል። ድሮ ጠጠር ይወጣባቸው የነበሩት ጉድጓዶች ውሃ ሞልቷቸው ዛሬ የወፎች መጠለያ ሆነዋል። መጠለያውን በ1966 መርቀው የከፈቱት ደግሞ በተፈጥሮ ፊልሞቻቸው ዓለም የሚያውቃቸው ዴቪድ አተንቦሮ ናቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ሰውየው ግን እዚያች መንደር አልተወለዱም። ለንደን አካባቢ ተወልደው ያደጉት ሌስተር ነው። ስማቸው ከመንደሯ የወጣው እሳቸው ከመወለዳቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። እኔን የያዘኝም ይህ ነገር ነው። አንድ የመንደር ስም ይህን ያህል ዘመን ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ እንዴት ተላለፈ? የእኛስ ለምን አልተላለፈም?

አጀማመሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከመንደሩ የወጣ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ ጎጆ ሲቀልስ፣ አዲሶቹ ጎረቤቶቹ በመጣበት አገር ይጠሩታል። እኛም አዲስ አበባ የገባውን ሰው «መንዜው»፣ «ጎንደሬው» እንላለን። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ «መንዜው» ሲሞት መጠሪያው አብሮት ይቀበራል፤ ልጁ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። የእንግሊዙ ግን መጠሪያውን ለልጁ አወረሰ። ልጁ አተንቦሮን በዓይኑ ሳያይ አተንቦሮ ተብሎ ኖረ። የልጅ ልጁም እንደዚያው።

ለማውረሱ መነሻው መሬት ነው። በ1066 ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ባለመሬቶቹ መኳንንት ርስቱን ከነስሙ ለልጅ ማስተላለፍ ጀመሩ። ልማዱ ቀስ እያለ ወደ ተራው ሰው ወረደ። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 በነፍስ ወከፍ ግብር ሲጣል ጸሐፊዎቹ አንዱን ጆን ከሌላው ጆን ለይተው መጻፍ ነበረባቸው። በ1400 ገደማ አብዛኛው እንግሊዛዊ ለልጁ የሚያወርሰው ስም ነበረው። በ1538 ደግሞ የንጉሡ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን መዝግቦ እንዲይዝ አዘዘ። በአተንቦሮዋ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1611 ሄንሪ አይርተን የሚባል ሕፃን ተጠመቀ። ይህ ሕፃን አድጎ ንጉሡን በጦርነት ያሸነፈው የኦሊቨር ክሮምዌል አማች ሆነ፤ በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ የሞት ፍርድ ላይም ፈርሟል። የጥምቀቱ ነገር ከ400 ዓመት በኋላ የሚታወቀው አንድ የአጥቢያ ካህን ቀለም ነክሮ ስለጻፈው ነው።

በብሪታንያ ከሁሉም የበዛው ስም ስሚዝ ነው፤ ቀጥቃጭ ማለት ነው። በየመንደሩ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበረ ስሙ በብዙ ቦታ ለየብቻው ተጀመረ። እዚህ ላይ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ ስም ይጠራል፤ የሚያፍርበት የለም። እኛ አገር ማረሻችንንና ማጭዳችንን የሠራልንን ሰው «ቀጥቃጭ» ያልነው ልናዋርደው ነው። ቡዳ ነው ብለን ልጃችንን ለልጁ አልሰጠንም። ይህ ዛሬም ያማል።

አተንቦሮ ግን ብርቅ ስም ነው። አሁንም በብዛት የሚገኘው በዚያው በኖቲንግሃምሻየርና በዙሪያው ነው። ተመራማሪዎችን የሳበውም ብርቅነቱ ነው። ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው የዘረመል ክፍል ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። የእንግሊዝ ስምም እንደዚሁ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ሁለቱ አንድ መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ስመ ሞክሼዎች በደምም ይገናኛሉ ማለት ነው። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ቱሪ ኪንግ እና ማርክ ጆብሊንግ ይህንን ለማየት 40 ስሞችን መርጠው የ1,678 ወንዶችን ክሮሞዞም መረመሩ። ውጤቱ በ2009 ወጣ። ስሚዞቹ እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና መንገድ ላይ ከተገኘ ማንኛውም ሰው የሚበልጥ አልሆነም። ከአተንቦሮዎቹ ግን ከአሥሩ ዘጠኝ የሚጠጉት አንድ ዓይነት ክሮሞዞም ተገኘባቸው። ስሙን በተለያየ ፊደል የሚጽፉትም ጭምር። የአንድ ሰው ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ከአሥሩ አንዱስ? ማደጎ አለ። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ አለ። የሚስቱን ወገን ስም የወሰደ ባል አለ። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት ስምና ደም የሚለያዩት በየትውልዱ ከመቶ ከ1 እስከ 4.5 በሚሆኑት ላይ ነው። ለ700 ዓመት ያህል ሲታሰብ ይህ ትንሽ ነው። እኔ የበለጠ ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

ብርቅ ስሞች ለምን አንድ አባት እንደሚኖራቸው የሚያስረዳ ቆየት ያለ ሐሳብም አለ። በ1873 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ጋልተን አንድ ጥያቄ አቀረበ። ስም የሚተላለፈው በወንድ ልጅ ብቻ ከሆነ፣ ስንቱ ስም ጨርሶ ይጠፋል? ሄንሪ ዋትሰን የሚባል የሒሳብ ሰው የሆነ ቄስ በ1874 አብሮት ስሌቱን ሠራው። ስሌቱ ልብ ይነካል። አንዱ ወንድ ልጅ አይወልድም፤ የሌላው ልጅ በወረርሽኝ ይሞታል፤ ሦስተኛው ሴቶች ብቻ ይወልዳል። በየትውልዱ እንዲህ እየሆነ፣ ማንም ሳይገፋው፣ አብዛኛው ስም ከመዝገብ ይወጣል። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ሴት ልጆቻቸው አግብተው ወልደዋል። የጠፋው ስማቸው ብቻ ነው።

ሌላም ልጨምር። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2007 ባወጡት ሥራ ዮርክሻየር ውስጥ አንድ ብርቅ ስም ካላቸው 18 ወንዶች በሰባቱ ላይ፣ እስከዚያ ድረስ በምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ብቻ ይታወቅ የነበረ የክሮሞዞም ዓይነት አገኙ። ሰዎቹ ፀጉራቸውም መልካቸውም ፈረንጅ ነው። የዘር ሐረጋቸው ሲቆጠር እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዮርክሻየር ላይ ይደርሳል። ምናልባት አባታቸው በሮማውያን ዘመን ወታደር ሆኖ የመጣ፣ ምናልባትም በባሪያ ንግድ ዘመን የገባ አፍሪካዊ ነበር። እኛን ባቡር ውስጥ «ከየት ነህ?» እያሉ የሚጠይቁን ሰዎች ይህንን ቢያውቁት እወዳለሁ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኛ ዘር አንቆጥርም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ነን። ጎጃም ውስጥ መሬት የሚገኘው በተወላጅነት ነበር። ባለጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ቆሞ እስከ አቅኚው አባት ድረስ በቃሉ ይቆጥራል። ሲቆጥር ደግሞ በአባቱ ብቻ አይወጣም። በእናቱ ይወጣል፣ በአያቱ እናት ይዞራል፣ በየትኛዋም ሴት በኩል ሄዶ «ተወላጅ ነኝ» ይላል። የእንግሊዝ ስም የሚይዘው አንዲት መስመር ነው፤ የአባት የአባት የአባት። የእኛ ቆጠራ ሴቶቹንም ይይዝ ነበር። መሬት ላራሹ በ1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሲታወጅ የርስት ክርክሩ አበቃ። የርስቱ ሥርዓት ብዙ በደል ነበረበት፤ ይመለስ የሚል ሰው አይደለሁም። ከሙግቱ ጋር ግን ቆጠራውም እየተረሳ ሄደ።

ሕጋችንም አንድ ጊዜ እንደ እንግሊዝ ሊያደርገን ሞክሮ ነበር። በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደነገገ። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ስድሳ ዓመት አልፎም ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው።

ሕጉ ያልቻለውን ስደት ቻለው። የውጭ አገር ፎርም ላይ «ላስት ኔም» (የቤተሰብ ስም) የሚል ሳጥን አለ፤ ባዶ መተው አይቻልም። አንዱ የአባቱን ስም ይሞላል። ሌላው ፓስፖርቱ ላይ ሦስተኛ የተጻፈው የአያቱ ስም ይገባበታል። እኔና ሲያትል የሚኖረው ወንድሜ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ነን። ላስት ኔማችን ግን ይለያያል። የእኔ በአባታችን ቀረ፤ የእሱ በአያታችን። ልጆቻችን በወረቀት ሲታዩ ዘመድ አይመስሉም። ፊደሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ ስም በላቲን ሲጻፍ ኤምባሲው በአንድ መንገድ፣ የስደተኞች ካምፑ በሌላ መንገድ ይጽፈዋል።

አንድ ክረምት ባለቤቴ ሁለቱን ልጆች ይዛ ከአገር ቤት ስትመለስ የፓስፖርት ሠራተኛዋ አቆመቻት። የእናትየዋና የልጆቹ ስም አይገናኝም። «እናታቸው ነሽ?» ተባለች። ትንሹ ልጅ እጇን ይዞ «ማሚ» እያለ ነው። የልደት ወረቀታቸውን እስክታወጣ ድረስ ከሰልፉ ወጥታ ቆመች። ሠራተኛዋ ሥራዋን ነው የሠራችው፤ ልጅ እንዳይሰረቅ ነው። ግን ባለቤቴ ስታገባ ስሟን ያልቀየረችው በአገራችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትተው ነው። ይህ ከልማዶቻችን ሁሉ የምኮራበት ነው። እዚህ ግን እንደ ጥርጣሬ ተቆጠረባት።

እስራኤል ያሉት ወገኖቻችን ይህንን ከእኛ ቀድመው ቀምሰውታል። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ሲገቡ፣ የብዙዎቹ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ተመዘገበ። ለብዙዎቹ በተለይ ለልጆቹ አዲስ የዕብራይስጥ መጠሪያም ወጣላቸው። ዛሬ እዚያ የተወለደው ልጅ ቅድመ አያቱን በየቀኑ በስም ይጠራዋል፤ ማን እንደነበረ ግን ላያውቅ ይችላል።

እኔ የምለው ይህንን ነው። እኛ ስደተኞቹ ዛሬ የአተንቦሮን የመጀመሪያ ሰው ቦታ ይዘናል። ሎንዶን፣ ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት የተወለዱ ልጆቻችን ያንን ስም ለልጆቻቸው ያወርሱታል፤ እነሱም ለልጆቻቸው። ስማችን ከእንግዲህ እንደ ድሮው በየትውልዱ አይቀየርም፤ ረግቷል። ስለዚህ ቢያንስ እያወቅን እናርጋው። ወንድማማቾች ተነጋግረው አንድ ስም ይምረጡ፣ በአንድ ፊደል ይጻፉት። የአባቴ ስም ይሁን የአያቴ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ለአያት አደላለሁ፣ ብዙ ዘመድ ያቅፋልና። ግን ስሙ ብቻውን አይበቃም። ላስት ኔም እናቶችን አይዝም። እነሱን የሚይዛቸው የጻፍነው ወረቀት ብቻ ነው።

በቅርቡ ደብረ ማርቆስ ያሉትን አክስቴን ደውዬ ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት እንዲቆጥሩልኝ ለመንኳቸው። እኔ የአባቶቹን ስም ብቻ ልጽፍ ነበር ብዕሬን ያዘጋጀሁት። አክስቴ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ሚስቱንስ ጻፍካት?» አሉኝ። አልጻፍኩም አልኳቸው። «እንግዲያ ምኑን ቆጠርከው! አባትህ ያረሰው መሬት የመጣው በእሷ በኩል ነው እኮ» አሉና ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። አሁን ባልና ሚስቱን እያጣመሩ፣ የመጡበትን አጥቢያ እየጠሩ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ሁለቴም መልሰው ያው ቦታ ላይ ቀጠሉ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ልኬለታለሁ። እሱ ደግሞ በእናታችን ወገን ያሉትን እየደወለ እየጠየቀ ነው።