የታል ጩኸቱ?

አሁን ከሥራ መውጣቴ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ፣ ደሜ ፈልቷል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታገልለት የከረምኩት አሮጌው ስፔክትረም አናላይዘር፣ ሲግናል ውስጥ የትኛው ፍሪኩዌንሲ ምን ያህል እንዳለ ስክሪን ላይ የሚያሳየው መለኪያችን፣ ዛሬ በሽታው ተገኘ። ደስ ብሎኝ ግዢ ክፍል ሮጥኩ። የጠበቀኝን ስሙ።

"ጋሼ፣ ማሽኑ ኖይዝ አለው፣ ሁለት ካፓሲተር ይግዙልኝ" አልኳቸው። "እስቲ ልየው" ብለው ተከትለውኝ መጡ። ሁለቱ ተለማማጅ ልጆች ቆመው ያያሉ። ጋሼ ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን ማሽኑ ላይ ለጠፉ። ጆሯቸውን! ትንሽ ቆይተው ቀና አሉ። "የኔ እህት፣ የታል ጩኸቱ? እኔ የሰማሁት ፋኑን ብቻ ነው።" ልጆቹ ሳቁ። በጆሮ የሚሰማ አይደለም፣ ሲግናሉን የሚረብሽ ነገር ነው፣ ስክሪኑ ላይ ነው የሚታየው ብዬ ማስረዳት ስጀምር "ታዲያ የማይሰማ ጩኸት አንቺ ከየት ሰማሽው? ለማይጮህ ዕቃ ብር አላወጣም" ብለውኝ ሄዱ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ልጆቹ ፊት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ማሽኑ ንጹህ ሲግናል ሲሰጠው አንድ ቀጭን መስመር ነው ማሳየት ያለበት። የኛው ግን መስመሩ ግራና ቀኝ ቀንድ አብቅሏል። አንዱ ጥንድ በ50 ኸርዝ ርቀት፣ ሌላው በ100። መጀመሪያ ከውጭ የሚገባ መስሎኝ ኬብሉን ሁሉ ነቀልኩ። ራሱን የሚፈትሽበትን የራሱን የካሊብሬሽን ሲግናል መልሼ ሰጠሁት። ቀንዶቹ ንቅንቅ አላሉም። ስለዚህ በሽታው ከውስጥ ነው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ መጥቶ 0 ኸርዝ ላይ ያለውን ትልቅ ጫፍ እያሳየ "ይኸው እሱ ነው የተበላሸው" ይለኛል። እሱማ ጤነኛ ነው! የማሽኑ የራሱ ኦሲሌተር፣ ውስጡ ሞገድ የሚያመነጨው ክፍል፣ ሾልኮ የሚታይበት ነው፣ እንዲህ ዓይነት አናላይዘር ላይ ሁሉ አለ። ሳይጠየቅ ገብቶ ግማሽ ቀኔን በላብኝ።

የ50ዋ ምንጭ ምን ሆና ተገኘች? ስፒናው! የሆነ ሰው ማከፋፈያው ላይ አልገባ ሲለው የኧርዙን እግር በፒንሳ ቆርጦ ጥሎታል። ሰው እንዴት የኧርዝ እግር ይቆርጣል? ማሽኑ ቢቀር የሰው ነፍስስ? ስፒናውን ስቀይር 50ዋ ወደቀች። 100ዋ ግን ቀረች።

የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ኤሲውን ወደ ዲሲ ሲቀይር ሁለቱንም ግማሽ ሞገድ ስለሚጠቀም የሚተርፈው ነውጥ እጥፍ ይሆናል፣ 100። ያንን ነውጥ ማለስለስ የካፓሲተሮቹ ሥራ ነው። ማሽኑ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቆሞ ነውጡን በጊዜ እንዲያሳየኝ ስፓኑን ዜሮ አደረግኩ፣ ሲግናሉን የፊልተሩ ቁልቁለት ላይ አስቀመጥኩ፣ ስዕሉ ከመብራቱ ሞገድ እኩል እንዲጀምር ትሪገሩን ከመብራቱ ጋር አሰርኩት። በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ አምስት ሞገድ፣ ማለትም በሰከንድ 100፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። እልል ልል ነበር። ማሽኑን አጥፍቼ፣ ቻርጁ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ደህና ካፓሲተር ጎን ለጎን አሰርኩለትና መልሼ አበራሁት። ቀንዶቹ ወረዱ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ካፓሲተሮቹን ማን ገደላቸው እንዳትሉኝ። ዳንቴል! አቧራ እንዳይገባበት ተብሎ የአየር ማስወጫው ላይ ዳንቴል ተዘርግቶበት ነው የኖረው። በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት! ኤሌክትሮላይት ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስንቴ አነሣሁት፣ ስንቴ ተመልሶ ተገኘ። መብራቱስ? ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ እያመነጨ፣ እኛ ትናንት ብቻ ሦስቴ ጠፋብን። ማሽኑ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ልለካ ስል ድርግም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ የኤፍኤም ማሰራጫውን አምጥቶ "ሀም አለው"፣ የመብራት ነውጥ ገብቶበታል፣ ብለን መለስነው። ሰውዬው ፈታ፣ ገጠመ፣ ገንዘብ አወጣ። ሀሙ የኛው ማሽን ነበር። እሱን ሰውዬ ምን ብዬ ልየው? መለኪያ ሲዋሽ ማንም አይሰማውም፣ ጋሼም ጆሯቸውን ቢለጥፉ አይሰሙትም።

ከሰዓት ደግሜ ሄድኩ። አሁን ደግሞ "ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ" ሆነ። ለሁለት ካፓሲተር! እዚሁ ከተማ ጊሽ ዓባይ ሰፈር ያሉት ሱቆች ያላቸው የቲቪ ትንንሹን ነው፣ አንድ ፕሮፎርማ እንኳ የሚሰጠኝ የለም። "ካልሆነ ይወገድና አዲስ ይጠየቅ" አሉኝ። አዲስ በየትኛው በጀት? ይሄ ማሽን እኮ ክዳኑ ሲከፈት ሁሉም ነገር በእጅ ይነካል፣ ማኑዋሉ ላይ እያንዳንዱ ሬዚስተር ሳይቀር ተስሏል። እኔ ሥራ የተማርኩት በሱ ላይ ነው። አይወገድም። እኔ እያለሁ አይወገድም!

ደከመኝ። በራሴ ብር ልገዛ ነው። ከእናንተ ውስጥ መርካቶ አካባቢ ያላችሁ፣ 10,000 ማይክሮ ፋራድ፣ 63 ቮልት፣ እስከ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችል ተብሎ የተጻፈበት፣ ሁለት ፍሬ ፈልጉልኝ። 85 የሚል ቢሰጧችሁ እንዳትቀበሉ። ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ካለ ይያዝልኝ፣ መናኸሪያ ድረስ መጥቼ እቀበላለሁ።