ለአጥር ስሩ መምህራችን

ልጆች፣ ዛሬ ስለ ሰውነታችን እንማራለን። የሚያስተምሩን ደግሞ እዛ የመብራት ፖሉ ጋ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው የቆሙት ጋሼ ናቸው። አትሳቁ! እንደሳቸው ያለ ደፋር መምህር ከየት ይገኛል?

መጀመሪያ ኩላሊታቸውን እናድንቅ። ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ ጭብጥ የሚያክል። በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራል፤ ከዛ ለሰውነት የሚጠቅመውን ውሃውንም ስኳሩንም ጨውንም መልሶ ያስገባና አንድ ተኩል ወይ ሁለት ሊትር ሽንት ብቻ ያስወጣል። በዛ ውስጥ ጉበት ከፕሮቲን ትራፊ የሠራው ዩሪያ አለ። አዎ፣ ያው ገበሬው ወረፋ የሚጠብቅለት ዩሪያ! አገር በዶላር ገዝታ የምታስገባውን ማዳበሪያ ጋሼ በየምሽቱ ለአጥሩ በነፃ ይለግሳሉ። እስካሁን አጥሩ ላይ የበቀለ ነገር ባይኖርም ሽታው ግን አድጓል፤ ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይቀይረዋላ። ጠዋት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ የሚቆመው ለዚህ ውለታ ነው።

ሽንት የሚጠራቀመው ፊኛ ውስጥ ነው። የአዋቂ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ትንሿን ሃይላንድ በሉት። ግማሽ ገደማ ሲደርስ ለአንጎል "ቦታ ፈልግ" ብሎ ይልካል። መውጫው ላይ ሁለት ጡንቻዎች አሉ። የውስጠኛው እኛን አይሰማም፤ የውጪኛው ግን ጠብቅ ሲሉት ይጠብቃል። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ዓመት ገደማ ይህን ጡንቻ ማዘዝ ይለምዳሉ፤ ለዚህ ነው ክፍል ውስጥ "ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ" ብላችሁ እጅ የምታወጡት። ጋሼ ይህን ደረጃ ካለፉ ቆይተዋል። እጅ አያወጡም።

ደግሞ ዛሬ ሦስት ጃምቦ ጠጥተዋል። አልኮል ኩላሊት ውሃ እንዲመልስ የሚያዘውን ሆርሞን ያፍነዋል፤ ስለዚህ ፊኛው ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ድራፍት ቤቱ ሽንት ቤት ነበረው። ጋሼ ግን ሒሳብ ዘግተው፣ መንገድ ተሻግረው፣ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" የሚለውን አጥር መርጠው መጡ። ማንበብማ ይችላሉ፤ ዲግሪያቸው ሳሎን ተሰቅሏል። እሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ባደረጉት ያላሰለሰ ጥረት ከ"ክልክል" ላይ ቀለሙ ለቆ አሁን የምትታየው አንዷ "ክል" ብቻ ነች።

የጋሼ ባለቤት ፊኛ ከሳቸው አይሰፋም። እሷ ግን ገበያ ስትውል ውሃ አትጠጣም፣ ማታ ቤቷ እስክትገባ ትችላለች፤ ይዛ በቆየች ቁጥር ባክቴሪያው ይራባል፣ የሴት የሽንት ቧንቧ ደግሞ አጭር ነው፣ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እና ኢንፌክሽን በቀላሉ ይገባል። የወንድ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ያን ሁሉ መንገድ የታደሉት ጋሼ ናቸው መቻል ያቃታቸው።

አሁን ጨረሱ። ዚፓቸውን እየዘጉ ዞር ሲሉ ከጎረቤታቸው ጋር ተገጣጠሙ። በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሰላም አሏቸው። ሰው አክባሪ ናቸው።