ለክቡር ስሊፐር፣ የባቡሩን ሐዲድ ተሸክመው ከሥሩ በአግድም ለተኙት

ይድረስ ለክቡር ስሊፐር፣
ባሉበት፣ ማለትም ጭቃው ውስጥ።

ጉዳዩ፦ ሻይ ስለመድፋት

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከሱሪዬ በስተቀር ደህና ነኝ።

በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት። ለአካባቢ ተስማሚ መሆንዎን ትናንት ጠዋት ፉርጎው ውስጥ ከተለጠፈው ፖስተር ላይ አነበብኩ። እውነቱን ለመናገር ስምዎን ሳይ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እግር ላይ የሚጠለቀው ነው። ኋላ ላይ እርስዎም ከአሮጌ ፕላስቲክ እንደተሠሩ ሳነብ ዝምድናው ገባኝ።

የዚህ መስመር ደንበኛ ሁሉ እርስዎን ያውቃል። ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ ኩርባው ሳይጀምር። ማንም ሳያዘን ብርጭቋችንን ከፍ እናደርጋለን። የቆመው ብረቱን ይጨብጣል፣ እናቶች ልጆቻቸው ምላሳቸውን እንዳይነክሱ አገጫቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ፉርጎው ዘፍ ይላል፣ ይነሳል፣ ወደ ግራ ይወዛወዛል። ሲያልፍ ሁላችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ስልካችን እንመለሳለን። ሻይ የሚደፋበት አዲስ ተሳፋሪ ብቻ ነው። እኔም ስንቱን አዲስ ሰው በሆዴ ስስቅበት ኖሬያለሁ።

ትናንት ግን ፖስተርዎን እያነበብኩ ነበር። «እስከ 50 ዓመት ያገለግላል» የሚለው ላይ ስደርስ ዘፍ አልን።

ሻዩ ያረፈበትን ቦታ ጨዋ ሰው አይጽፈውም። ትኩስ ነበር፣ ብዙ ነበር፣ ሱሪዬ ደግሞ ነጣ ያለ ነው። የምሄደው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ነበር። በቀጣዩ ጣቢያ አንዲት እናት ተሳፍረው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሻዩ ሲደፋ አላዩም፣ ያዩት ውጤቱን ነው። ዘወር ብለው ከቦርሳቸው ሶፍት አወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ባለቤቴም እንዲሁ ያደርገው ነበር» አሉኝ።

«እማማ፣ ሻይ ነው።»

«አዎ፣ እሱም ሻይ ነው ይል ነበር።»

ፉርጎው ሙሉ ሰው አለ። ምስክር የሚሆነኝ ግን አንድ ጠፋ። ሁሉም ስልኩን ያያል፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ቃለ መጠይቁን ፋይሌን ከፊቴ አስጠግቼ ተወጣሁት። «እንደውልልሃለን» ተባልኩ፣ አይደውሉም።

ከዚያ ወደ ቅሬታ መስኮት ሄድኩ። ፎርሙን መቼም ያውቁታል። ሦስት ኮፒ፣ በእስክሪብቶ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። «ጉዳቱ የደረሰበት ኪሎ ሜትር» ይላል። ኪሎ ሜትሩን እኔ ከየት አባቴ ላምጣው? «ተቀምጠው ነበር ወይስ ቆመው?» ተቀምጬ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው መቀመጥ ያቃተኝ። ዋናውን ቲኬት አያይዝ ተባልኩ፣ አያያዝኩ። ሠራተኛው ቲኬቱን ወደ መብራቱ አንስቶ አየውና «ይሄ አይነበብም፣ ምን ፈሶበት ነው?» አለኝ።

ሻይ፣ ጌታዬ። የመጣሁበት ጉዳይ ነው።

በመጨረሻ ቦታውን በቃል ልንገረው ብዬ «ከድልድዩ አለፍ ብሎ...» ከማለቴ «አሃ፣ እሷ! እሷማ ትታወቃለች፣ እኔም ስሄድ ብርጭቆዬን አነሳለሁ» ብሎ ሳቀ።

ትታወቃለች! ክቡር ስሊፐር፣ ይቅርታ፣ አንቱታው እዚህ ላይ አለቀ።

ስማኝ። አንተን በእንጨቱ ቦታ የተኩ ሰዎች ክፉ አላሰቡም። የቀድሞው እንጨት ክሪዮሶት የሚባል ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣ ዘይት የጠጣ ነበር። ጆን ቤቴል የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1838 አሠራሩን ካስመዘገበ ወዲህ ዓለም እንጨቱን እንዳይበሰብስ በሱ ሲነክረው ኖሯል። ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ አፈር ውስጥ ይሰርጋል፣ በሙቀት ጊዜ ሽታው ራስ ያዞራል። ኮንክሪቱ ዘመድህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ250 ኪሎ በላይ ነው፣ ሲሚንቶውም በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ገደማውን የሚያወጣ ኢንዱስትሪ ውጤት ነው። አንተ እንደ እንጨት ትመገዛለህ፣ ትበሳለህ፣ ምስጥ አይበላህም። ጥሩ!

ግን የት ነው ያስተኙህ?

አምና ባቡሩ ተበላሽቶ ከድልድዩ ወዲህ አውርደውን በእግር ስንሄድ በቅርብ አይቼሃለሁ (ባቡሩ ኋላ ተጠግኖ ባዶውን አልፎን ሄደ፣ እሱን ለሌላ ደብዳቤ)። ሐዲዱ ላይ ተንጠልጥለህ ነበር፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ። ከሥርህ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። አንዱ ማያዣህ ወልቆ ጠጠሩ ላይ ተጋድሟል። ባዶው ባቡር ሲያልፍ እያንዳንዱ ጎማ ሲጫንህ ወደ ታች ትሰምጥና ግራጫ ጭቃ ትተፋለህ። የአንዲት ሴትዮ ነጠላ ጫማ ላይ ተፋህበት፣ ዘመድህ ላይ!

ያ ጠጠር ለጌጥ አልፈሰሰም። ክብደቱን አከፋፍሎ ወደ መሬት ሊያወርድ፣ ውሃውንም ሊያሳልፍ ነው። አፈርና የደቀቀ ድንጋይ ሲሞላው ውሃው መሄጃ ያጣል፣ ባቡሩ በጫነው ቁጥር ጭቃው ሽቅብ ይወጣል። ጠጠሩን አጣርቶ፣ ቦዩን ጠርጎ፣ ከሥርህ ጠቅጥቆ ማስተካከል ነበር የሚያስፈልገው። እነሱ ግን የበሰበሰውን እንጨት አውጥተው አንተን በዚያው ጭቃ ላይ አጋደሙህ፣ ፎቶ አነሱህ፣ ፖስተር ለጠፉ። ቦዩ ውስጥ ሣር በቅሏል። በየ60 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ስሊፐር አለ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ1,600 በላይ። አንተ ስትንጠለጠል ጎረቤቶችህ ያንተን ድርሻ ይሸከማሉ፣ እነሱም ይሰምጣሉ፣ የሐዲዱ ብየዳ ይሰነጠቃል። በአምስት ዓመት ተነቅሎ የሚጣል ስሊፐር ምኑ ነው ለአካባቢ የሚስማማው? ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶም እኮ ነው ይሄ ሁሉ። «ጊዜያዊ የፍጥነት ገደብ» የሚለው ምልክት ቀለሙ ለቆ በቅርቡ እንደ አዲስ ተቀብቷል!

ሁሉም ያውቃል። ሾፌሩ ያውቃል፣ የመስኮቱ ሰውዬ ያውቃል። አንድ ቀን ፉርጎው ዘፍ ብሎ ሳይነሳ ሲቀር ያው ፎርም ነው የሚሰጠን። «የደረሰ ጉዳት» በሚለው ሥር ስንት መስመር እንደተዉ ታውቃለህ? ሁለት።

እሺ፣ ተረጋጋሁ። ወደ አንቱታው ልመለስ።

ክቡር ሆይ፣ ነገ ጠዋት በተለመደው ሰዓት አልፍብዎታለሁ። ሻይ አልይዝም። እማማ ከተሳፈሩ ግን እባክዎን ሳያፍሩ ዘፍ ይበሉና ሻይ እንደነበር ይመስክሩልኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
የዘወትር ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለጭቃው
ለፖስተሩ