ጤዛው እስኪደርቅ

በአውስትራሊያዋ ሚልዱራ ብርቱካን ልለቅም የሄድኩ ሰሞን፣ ከመሰላሉም ከከረጢቱም ይልቅ ያንገበገበኝ ጤዛ ነበር። የኮንትራክተሩ ሚኒባስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከማደሪያችን ያነሣናል፤ ፍሬው እርጥብ ሳለ ከተለቀመ ልጣጩ ስለሚበላሽ ግን፣ እርሻው ደርሰን እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በብርድ ቆመን እንጠብቃለን። የምንሠራው በቁርጥ፣ ማለትም በለቀምነው መጠን ብቻ እየተከፈለን፣ ነበርና ለቆምንበት ጊዜ አምስት ሳንቲም አይታሰብም፤ የሚኒባሱ ሒሳብ ግን ከደሞዛችን ላይ ይቆረጣል። ከ400 ኪሎ በላይ የሚይዘው ሳጥንም፣ በትከሻ ከረጢት እያመላለስን ስንገለብጥበት፣ የሚሞላ ሳይሆን የሚሰምጥ ይመስል ነበር።

ከሚያዝያ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአውስትራሊያን የደሞዝ ወለል በሚወስነው በፌር ወርክ ኮሚሽን ውሳኔ በቁርጥ የሚሠራ ጊዜያዊ ለቃሚም በሰዓት ከ25.41 የአውስትራሊያ ዶላር በታች እንዳይከፈለው ሲደነገግ፣ «ጤዛውም ደሞዝተኛ ሆነ» ብለን ሳቅን። ሚኒባሱም ወዲያው ከአሥር ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ተዛወረ፤ ከውሳኔው ያተረፍኩት ዋናው ነገር እንቅልፍ ነው ብል አልዋሸሁም።

ባለፈው ዓመት ድሬ ስገባ፣ ከሐረማያ ጥቅል ጎመን አስጭኖ ከፊራ ወደሚባለው ገበያ የወረደውን የአክስቴን ልጅ አገኘሁት። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ውኃ የሚያወጣው ከጉድጓድ በፓምፕ ነው፤ የናፍጣውን፣ የማዳበሪያውንና ለቀን ሠራተኞቹ ምሳና ጫት ያወጣውን በጣቱ ቆጠረልኝ። በስንት እንደሚሸጥ ስጠይቀው ግን በአገጩ ወደ ደላላው አመለከተኝ። ደላላው ስልክ ላይ ነበር፤ ጅቡቲና ሐርጌሳ ዋጋው ስንት እንደዋለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። በዚያ ሙቀት የጎመኑ ቅጠል ከዳር መጠውለግ ሲጀምር ስልኩን ዘጋና ዋጋውን ነገረን፤ ተመልሶ የሚጫን ዕቃ እንዳልሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደሞዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ ሐረማያ ጎመን የሚቆርጠውን ልጅ የቀን ሒሳብ የሚወስነው ግን ያ ስልክ ነው። ይህንን ከሚልዱራው ታሪክ ጋር አያይዤ ሳወራለት የአክስቴ ልጅ በጥርጣሬ አየኝ።

«አቦ፣ እዚያ ቆመህ ለጠበቅክበት ይከፍሉሃል እያልከኝ ነው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ገንዘቡን ቆጥሮ የአይሱዙውን ኪራይ አስቀድሞ ለየ።